ዓሥራ ሁለት ሞላ፣ አንድ ቁመት

ሰኔ ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ከአዲስ አበባ ሲሚንቶ ጭኖ የተመለሰ አንድ ባለ ስድስት ሲሊንደር የጭነት መኪና ጭነቱን አራግፎ ባሕር ዳር ከዓባይ ማዶ ወዳለው ጋራዣችን ገባ። የሹፌሩ አቤቱታ አጭር ነበር፤ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሞተሩን ሲጫነው ከቴስታታው፣ ማለትም ቫልቮቹን ከያዘው የሞተሩ ራስ፣ በኩል በትንሽ መዶሻ የሚቀጠቀጥ የሚመስል ድምፅ ይሰማል፣ ሲለቀው ደግሞ ድምፁ ወዲያው ይጠፋል። መኪናውን አውቀዋለሁ። በዓመቱ ውስጥ ሁለት ጊዜ ቫልቭ አስተካክዬለት ነበር፣ በሁለቱም ጊዜ የጭስ ቫልቮቹ ክፍተት ከሚገባው በታች ጠብቦ ነበር ያገኘሁት። የአየር ቫልቮቹ ግን እንደተዉኳቸው ነበሩ። ያን ጊዜ የማስተካከያው ዳዶ መላላት ወይም የእኔው አለካክ ስሕተት ነው ብዬ አልፌው ነበር፤ ድምፁን ከሹፌሩ ስሰማ ግን ሁለቱ ነገሮች ገጠሙልኝ።

ነገሩን ለማስረዳት ከመንገዱ መጀመር ይሻላል። ከባሕር ዳር በደብረ ማርቆስ በኩል አዲስ አበባ የሚሄድ መኪና ደጀንን እንዳለፈ ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል፣ ድልድዩን ተሻግሮ ደግሞ ወደ ጎሐ ጽዮን ይወጣል፤ ሲመለስም እንደዚሁ። ቁልቁለቱ ከየትኛውም ወገን ቢቆጠር ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። እዚያ ላይ የእግር ፍሬን ብቻ ይዞ የሚወርድ ሹፌር የፍሬን ሸራውን አቃጥሎ ነው የሚደርሰው፤ ስለዚህ ልምድ ያለው ሁሉ በከባድ ማርሽ ገብቶ ፍሬን ሞተሩን ይጫናል። ይህ ፍሬን የሚሠራው የጭስ መውጫውን ቧንቧ በአንድ ክዳን በመዝጋት ነው፤ መውጫ ያጣው ጭስ በማኒፎልዱ (የሲሊንደሮቹን ጭስ በሚሰበስበው ቧንቧ) ውስጥ ይታመቅና ፒስቶኑ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ይህን ግፊት እየገፋ እንዲሠራ ይገደዳል፣ መኪናውም በዚያው ይያዛል።

ችግሩ የታመቀው ጭስ ፒስቶኑን ብቻ የሚገፋ አለመሆኑ ነው። የጭስ ቫልቩ ተዘግቶ ሳለ ጀርባው ያለው በማኒፎልዱ በኩል ነው። አንዱ ሲሊንደር አየር እየሳበ ባለበት ሰዓት ከቫልቩ ፊት ግፊት የለም፣ ከጀርባው ግን ጎረቤት ሲሊንደሮች የላኩት ጭስ ታምቆ ይጠብቃል። በዚህ ጊዜ ቫልቩን መቀመጫው ላይ ይዞ የሚያቆየው ሞላው (ስፕሪንጉ) ብቻ ነው። ሞላው ከተሸነፈ ቫልቩ ያለ ሰዓቱ በትንሹ ይከፈትና ግፊቱ ሲቀንስ ተመልሶ መቀመጫውን ይመታል፤ በደቂቃ ብዙ መቶ ጊዜ ይመታል። ሹፌሩ የሰማው መዶሻ ይህ ነበር። ሲደጋገም መቀመጫው ይጎደጉዳል፣ ቫልቩ ወደ ቴስታታው ውስጥ ይሰምጣል፣ ግንዱም በዚያው መጠን ወደ ላይ ብቅ ስለሚል በሮከር አርሙ (ቫልቩን ተጭኖ በሚከፍተው ክንድ) እና በቫልቩ መካከል ያለው ክፍተት ይጠብባል። ሁለት ጊዜ ጠብቦ ያገኘሁት ክፍተት ምክንያቱ ይህ ነበር።

ሂሳቡን በአንድ ወረቀት ጀርባ ሠራሁት። የዚህ ሞተር የጭስ ቫልቭ ራስ 44 ሚሊ ሜትር፣ ግንዱ 8 ሚሊ ሜትር ነው፤ ግንዱ የሚይዘው ሲቀነስ ጭሱ የሚገፋው ስፋት 14.7 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሆናል። በማኒፎልዱ ውስጥ 2.5 ባር ግፊት ተፈጠረ ብለን ብንይዝ ቫልቩን ለመክፈት የሚገፋው ኃይል ወደ 37.5 ኪሎ ግራም ይደርሳል። አሮጌዎቹን ሞላዎች ፈትቼ በኋላ በምነግራችሁ መንገድ ስመዝናቸው፣ በተገጠሙበት ቁመት ላይ ደካማው 31 ጠንካራው 34 ኪሎ ግራም ብቻ ነበር የሚይዙት። ግፊቱ ደግሞ ባንድ ልክ የሚቆም ሳይሆን ሲሊንደሮቹ በተነፈሱ ቁጥር እንደ ማዕበል ከፍ ዝቅ የሚል ስለሆነ፣ በማዕበሉ አናት ላይ ልዩነቱ ከዚህም ይሰፋል።

ባለቤቱ ጠንከር ያሉ ሞላዎች በዘመድ በኩል በመንገደኛ ሻንጣ አስመጡ፤ ዓሥራ ሁለት ሞላ፣ ከነሮንዴላ (ከሞላው ሥር የሚገባ ቀዳዳ ያለው ክብ ብረት) ከረጢቱ። እስከዚያው ቴስታታው ወርዶ መቀመጫዎቹ እንዲቆረጡ ወደ አንድ ማሽን ቤት ተልኮ ነበር። እዚህ ላይ ቅሬታዬን ልናገር። መቀመጫ ሲቆረጥ ቆራጩ የሚያነሣው ብረት የግድ የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ መሆን ሲገባው፣ የተመለሰልኝ ቴስታታ ላይ የአንዳንዱ ቫልቭ መቀመጫ ከጎረቤቱ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ጠልቆ ነበር። ደውዬ ስጠይቅ «ይዘጋል አይደል? ታዲያ ምን ጎደለው?» ነበር የተባልኩት። መዝጋቱንስ ይዘጋል። ነገር ግን ቫልቩ በጠለቀ ቁጥር ግንዱ ከላይ በኩል ይረዝማል፣ በግንዱ ጫፍ ላይ የሚቀመጠው የሞላው ቆብም አብሮ ከፍ ይላል፣ ሞላው የሚታመቅበት ቦታም ይሰፋል። ቦታው የሰፋለት ሞላ ደግሞ ይላላል። አዲስ ጠንካራ ሞላ ገዝቶ ሰፊ ቦታ ውስጥ ማስቀመጥ ግማሹን ገንዘብ ወደ ዓባይ እንደ መጣል ነው።

ከሞላዎቹ ጋር የመጣው ካርድ ልኬቱን በኢንችና በፓውንድ ነበር የጻፈው። የመግጠሚያ ቁመት 1.93 ኢንች፣ በዚያ ቁመት ላይ 100 ፓውንድ፣ ጥንካሬው በኢንች 170 ፓውንድ፣ ቀለበቶቹ ተጣብቀው አልታመቅም የሚልበት ቁመት 1.34 ኢንች። ወደ እኛ ልኬት ሲመጣ የመግጠሚያ ቁመቱ 49.02 ሚሊ ሜትር፣ ጉልበቱ 45.4 ኪሎ ግራም፣ ጥንካሬው ለእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር 3 ኪሎ ግራም ገደማ፣ ሙሉ በሙሉ የታመቀው ቁመት 34 ሚሊ ሜትር ነው። ከእነዚህ ቁጥሮች ውስጥ ሥራውን በሙሉ የሚመራው ያ 3 ኪሎ ግራም ነው። አዲሱ ሞላ በትክክለኛው ቁመት ቢገባ ከጭሱ ግፊት በላይ ወደ 8 ኪሎ ግራም ትርፍ አለው። መቀመጫው የጠለቀበት ቫልቭ ላይ ቁመቱ 1.4 ሚሊ ሜትር ቢጨምር ከዚያ ትርፍ 4.2 ኪሎ ግራም ይሄዳል፤ ይህም ከግማሽ በላይ ነው። ሮንዴላ የሚገባው ይህን ለመመለስ ነው። ብዙ ባልደረቦቼ ግን ሮንዴላን «ሞላ ማጠንከሪያ» ነው የሚሉት፣ እኔም በጀማሪነቴ እንደዚያ ነበር የማስበው።

ያ አስተሳሰብ አንድ ጊዜ አዋርዶኛል። ከዓመታት በፊት በሌላ መኪና ላይ ሞላዎቹ ደክመዋል ብዬ፣ ምንም ሳልለካ፣ በእያንዳንዱ ሞላ ሥር ሁለት ሁለት ወፍራም ሮንዴላ አስገባሁ፤ ሁለቱ አንድ ላይ 3 ሚሊ ሜትር ይሆናሉ። ሞተሩን ለማስነሣት ቁልፍ ሲጠመዘዝ ቀጭን የመሰበር ድምፅ ተሰማ። ክዳኑን ስከፍት ሁለት ፑሽ ሮዶች (ሮከር አርሙን ከታች የሚገፉ ዘንጎች) እንደ ቀስት ጎብጠው አገኘኋቸው። ካምሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚያንቀሳቅሰው ተሽከርካሪ ዘንግ) ቫልቩን እስከ መጨረሻው ሳይከፍተው የሞላው ቀለበቶች ተጣብቀው ብረት ለብረት ሆነው ነበር፤ ካምሻፍቱ አይቆምም፣ ሞላው አይታመቅም፣ ስለዚህ መካከል ላይ ያለው ደካማ ነገር ጎበጠ። ሁለቱን ፑሽ ሮዶች ከኪሴ ገዛሁ። ከዚያ ወዲህ ሳይለካ ሮንዴላ አስገብቼ አላውቅም።

ወደ ዘንድሮው ሥራ ልመለስ። በካርድ ላይ የተጻፈ ቁጥር የሞላውን ባሕርይ ይናገራል እንጂ በእጄ ላይ ያለውን እያንዳንዱን ሞላ አይመሰክርልኝም፤ ስለዚህ ከመግጠሜ በፊት መመዘን ፈለግሁ። ለዚህ ተብሎ የተሠራ የሞላ መመዘኛ የለንም። ከጋራዡ ጥቂት እርምጃ ዝቅ ብሎ ያለው ወፍጮ ቤት ግን እህል የሚመዘንበት ወለል ላይ የሚቀመጥ ሚዛን አለው። እትዬ፣ የወፍጮ ቤቱ ባለቤት፣ ከረዳቴ ጋር ሚዛኑን ተሸክመን ስንወጣ «ዛሬ ደግሞ ብረት ልታስፈጭ ነው?» አሉኝ፤ እስከ ማታ እንደምመልስ ቃል ገብቼ ወሰድኩት። ሚዛኑን ከቆመው ትራፓኖ (የመብሻ ማሽን) ሥር አስቀመጥን፣ የትራፓኖው መንጋጋ ላይ በመሰርሰሪያው ፈንታ ጫፉ በቶርኖ የተስተካከለ ወፍራም ቡሎን አሰርን፣ ሞላውን ከላይም ከታችም ጠፍጣፋ ብረት አድርገንለት እጀታውን ቀስ እያልን ጫንን። ጥንቃቄ የሚፈልገው ነገር አንድ ነው። ጫናው ሲበረታ የሚዛኑ ወለል በራሱ ስለሚሰምጥ የትራፓኖው መለኪያ የሚለውን ጥልቀት ማመን አይገባም፤ የሞላውን ቁመት ራሱን በሁለቱ ጠፍጣፋ ብረቶች መካከል በካሊፐር ይዞ ልክ 49 ሚሊ ሜትር ላይ ሲደርስ ማንበብ ነው።

ዓሥራ አንዱ ከ44.5 እስከ 46.5 ኪሎ ግራም መዘኑ። አንዱ ብቻ 43 ላይ ቆመ። ሦስት ጊዜ ደግሜ መዘንኩት፣ አልተለወጠም። ከአገር ውጭ የመጣን ዕቃ መመለስ የማይታሰብ ስለሆነ ይህን ሞላ ከፍሬን ሞተሩ ግፊት ጋር ግብግብ ለሌለው ለአንድ የአየር ቫልቭ መደብኩት። በነገራችን ላይ ሞላን ለመለየት በጽሕፈት መርፌ ወይም በሹል ነገር ጭረት ማድረግ አይገባም፤ ሞላ በሺህ ጊዜ የሚታጠፍ ብረት በመሆኑ ስንጥቁ የሚጀምረው ከዚያች ጭረት ነው። ዝገትም እንደዚያው ነው። ክረምት ላይ ከጣና የሚነሣው እርጥበት የተራቆተ ብረትን በአንድ ሌሊት ቡናማ ስለሚያደርግ፣ ሞላዎቹን ከማሸጊያቸው ካወጣን በኋላ ዘይት ነክረን በጨርቅ ጠቅልለን ነው ያሳደርናቸው። መለያውን በካርቶን ላይ ዓሥራ ሁለት ቀዳዳ አበጅተን፣ ለእያንዳንዱ ቀዳዳ ቫልቩን፣ ቆቡን፣ ሁለቱን ግማሽ መቆለፊያዎችና ሞላውን አንድ ላይ አስቀመጥን።

የመግጠሚያ ቁመት የሚለካው ያለ ሞላ ነው። ቫልቩ በመቀመጫው ላይ ይቀመጣል፣ የራሱ ቆብና የራሱ መቆለፊያ ይገባለታል፣ ከዚያ ቆቡ ወደ ላይ ጠበቅ ተደርጎ ተስቦ፣ ሞላው ከሚያርፍበት የቴስታታው ወለል ተነሥቶ የሞላው ውጫዊ ቀለበት እስከሚነካው የቆቡ ሥር ያለው ርቀት ይነበባል። ቆቡ ሥር ብዙ ጊዜ ደረጃ ስላለው፣ መሀሉን የለካ ሰው ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ተሳስቶ ሙሉ ቀን ሊሠራ ይችላል። ለዚህ ሥራ የሚሆነው በሞላው ቦታ ገብቶ ተፈትሎ የሚረዝም ማይክሮሜትር ነው፤ እኛ ግን የለንም። ስለዚህ ከናስ የብየዳ ዘንግ ሁለት አጫጭር ቁራጮች ቆርጬ ጫፋቸውን በሞረድ አስተካከልኩ፤ አንዱን 49.0 ሌላውን 50.0 ሚሊ ሜትር አደረግሁና በማይክሮሜትር አረጋገጥኩ። ዘንጉን ከቆቡ ሥር አቁሜ የቀረውን ክፍተት በፊለር ጌጅ (ውፍረታቸው በታወቀ ቀጫጭን የብረት ምላሶች) እለካለሁ፤ 49.0ው ዘንግ ገብቶ 0.40 ምላስ ከተንሸራተተ ቁመቱ 49.40 ነው ማለት ነው።

ረዳቴ መጀመሪያ ሲለካ ሦስት ጊዜ ሦስት የተለያየ ቁጥር አወጣ። ችግሩ ዓይኑ ላይ ሳይሆን ቆቡን ወደ ላይ የሚስብበት እጁ ላይ ነበር፤ አንዴ ላላ፣ አንዴ ጠበቅ ያደርገዋል፣ ላላ ሲል መቆለፊያዎቹ በጉድጓዳቸው ውስጥ ሙሉ በሙሉ አይቀመጡም። ስለዚህ የሚስበውን ሥራ ከእጁ ወስደን ለአንዲት የደከመች ትንሽ ሞላ ሰጠናት፤ ከቆቡ ሥር ገብታ ሁልጊዜ በእኩል ጉልበት ወደ ላይ ትገፋዋለች፣ ዘንጉም ከጎኗ ይቆማል። ከዚያ በኋላ ያወጣቸው ቁጥሮች ከእኔ ጋር በ0.03 ሚሊ ሜትር ውስጥ ተስማሙ።

የስድስቱ የጭስ ቫልቮች ቁመት ከፊት ወደ ኋላ ሲነበብ 49.40፣ 49.78፣ 50.15፣ 50.42፣ 49.80፣ 49.45 ሆነ። የማሽን ቤቱ ሰው «ይዘጋል» ያለው አራተኛው ቫልቭ ከሚገባው 1.4 ሚሊ ሜትር ረዝሟል። የአየር ቫልቮቹ ግን ከ49.05 እስከ 49.30 ውስጥ ነበሩ። ሮንዴላዎቹ የሚመጡት በሦስት ውፍረት ነው፦ 0.38፣ 0.76 እና 1.52 ሚሊ ሜትር፤ በኢንች አቆጣጠር 15፣ 30 እና 60 ሺኛ መሆናቸው ነው። የመጀመሪያውና የመጨረሻው የጭስ ቫልቭ በአንድ ቀጭን ሮንዴላ፣ ሁለተኛውና አምስተኛው በአንድ መካከለኛ፣ ሦስተኛው በመካከለኛና በቀጭን ድምር ወደ 49 ተመለሱ። ከአየር ቫልቮቹ ቀጭን የወሰዱት ሁለት ብቻ ናቸው፤ አንደኛው 49.30 የነበረው ሲሆን፣ ሌላው 43 ኪሎ ግራም የመዘነው ሞላ የተመደበበት ነው፤ በዚያኛው ላይ ከቁመቱ ትንሽ ዝቅ ማለቴን አውቄ የሞላውን ጉድለት በአንድ ኪሎ ግራም ያህል እንድታካክስልኝ ነው ያስገባኋት።

«ጋሼ፣ ይህች ወረቀት የምታክል ነገር ያን ሁሉ ጭነት ትይዛለች?» አለኝ ረዳቴ ቀጭኗን ሮንዴላ በጣቶቹ መካከል ይዞ እያገላበጠ። ጭነቱን የሚይዘው ከሥሯ ያለው ቴስታታ እንደሆነ፣ እርሷ ቦታ መሙያ ብቻ እንደሆነች ነገርኩት፤ ይሁን እንጂ ጥያቄው ከንቱ አልነበረም። ሮንዴላዋ ጠንከር ብሎ ከተነጠረ ብረት ካልተሠራች ሞላው እየቀጠቀጠ ያቀጥናታል፣ የተሰበሰበው ቁመትም መልሶ ይረዝማል። ከላሜራ ቆርጦ ሮንዴላ የሚያወጣ ቶርኖ ቤት በከተማችን አይጠፋም፤ ለሌላ ነገር ይሁን እንጂ ለቫልቭ ሞላ አልመክረውም።

ያስቸገረኝ አራተኛው ነው። በመካከለኛና በቀጭን ድምር ቢሞላ 49.28 ላይ ይቀራል፣ በአንድ ወፍራም ቢሞላ 48.90 ላይ ይወርዳል። ሁለቱም ከካርዱ ቁጥር ወጥተዋል። ወፍራሙን መረጥኩ፤ ምክንያቱም የጭስ ቫልቭ መቀመጫ አዲስ ሲቆረጥ በመጀመሪያዎቹ ሥራ ቀናት ጥቂት መስመጡ አይቀርም፣ ሲሰምጥም ቁመቱ ወደ 49 ይጠጋል እንጂ አይሸሽም። በ0.12 ሚሊ ሜትር ማነስ የሚጨምረው ጉልበት ከግማሽ ኪሎ ግራም ያነሰ ስለሆነ ካምሻፍቱን አይጎዳም። ከመጠን በላይ የጠበበ ሞላ ግን ይጎዳል፤ በየዙሩ የካምሻፍቱን አፍንጫና በላዩ የሚሄደውን ታፔት (ግፊቱን ወደ ፑሽ ሮዱ የሚያሻግረውን) ይፈጫል፣ ፑሽ ሮድንም ያስጨንቃል፣ ስለዚህ «ትንሽ ጨምር፣ ይጠንክር» የሚለውን ምክር ከማንም ቢመጣ አልቀበለውም።

ሮንዴላዎቹ ሲገቡ ማየት የሚገባው ሌላም ነገር አለ። ሞላው የሚያርፍበት የቴስታታው ክብ ጉድጓድ ዳር ላይ ቀጥ ያለ ማዕዘን የለም፣ በትንሹ ጎበጥ ያለ ነው። የሮንዴላው ውጫዊ ስፋት ከበዛ በዚያ ጉብታ ላይ ይሰቀልና እንደ ተንጋደደ ሰሃን ይወዛወዛል፤ የውስጥ ቀዳዳው ከበዛ ደግሞ ወደ ጎን እየሸሸ ሞላውን ያጋድለዋል። እያንዳንዷን በጣቴ ጫን እያልኩ የምትወዛወዘውን ፈለግሁ። አንዷ ተወዛወዘች፤ ከሥሯ የቀረ የካርቦን ቅርፊት ነበር፣ በናፍጣ ታጥቦ ተነሣ። የእኛ ቴስታታ የብረት ነው፤ የአሉሚኒየም ቴስታታ ያለው ሰው ግን ሞላውን በባዶው አሉሚኒየም ላይ ፈጽሞ ማሳረፍ የለበትም፣ ከሥሩ የብረት መቀመጫ የግድ ነው።

ከዚያ ሁለት ማረጋገጫ ቀረ። የመጀመሪያው ያዋረደኝ ነው። በዳያል ጌጅ ስለካው ቫልቩ ከመዘጋት እስከ ሙሉ መከፈት 11 ሚሊ ሜትር ይሄዳል። ከጭስ ቫልቮቹ በጣም የጠበበው ሞላ 48.90 ላይ ስለተቀመጠ ሙሉ ሲከፈት 37.90 ይሆናል፤ ቀለበቶቹ የሚጣበቁት 34 ላይ ስለሆነ 3.9 ሚሊ ሜትር ትርፍ አለ። እኔ ከ1.5 በታች አልወርድም። ሁለተኛው ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነው፤ ቫልቩ ሲከፈት ቆቡ ወደ ታች ይወርዳል፣ ከሥሩ ደግሞ በጋይዱ (ግንዱ በሚንሸራተትበት ቱቦ) አናት ላይ የቫልቭ ጎማው አለ። በቆቡ ሥርና በጎማው አናት መካከል 13.2 ሚሊ ሜትር ለካሁ፣ 11ዱ ሲቀነስ 2.2 ይቀራል። ይህ ቢያንስ ኖሮ ቆቡ ጎማውን በየዙሩ እየረገጠ ይቀደው፣ ዘይትም ወደ ሲሊንደሩ ይወርድ ነበር። ጎማው ከሞላው የብረት መቀመጫ ጋር አንድ አካል ሆኖ የተሠራባቸው ሞተሮች አሉ፤ በእነዚያ ላይ ከሥር የሚገባ ሮንዴላ ጎማውንም አብሮ ስለሚያነሣው ይህ ልኬት ሮንዴላው ከገባ በኋላ መደገም አለበት።

መግጠሙ ራሱ ከመለካቱ አንጻር አጭር ነው። ግንዶቹ ዘይት ተቀብተው ገቡ፤ ጎማዎቹ በግንዱ ጫፍ ያለው የመቆለፊያ ጉድጓድ እንዳይቆርጣቸው በጫፉ ላይ ቀጭን ፕላስቲክ አልብሰን አሳለፍናቸው። የእነዚህ ሞላዎች ቀለበት በአንደኛው ጫፍ ቀረብ ቀረብ ያለ ስለሆነ፣ የቀረበው ጫፍ ወደ ቴስታታው ሆኖ ይቀመጣል። ሞላው በማጥበቂያው ሲታመቅ ማንም ፊቱን ከላዩ እንዳያደርግ ለረዳቴ ደጋግሜ ነገርኩት፤ 45 ኪሎ ግራም የታመቀ ሞላ መቆለፊያውን ካስፈነጠረው የሚያቆመው የለም። መቆለፊያዎቹን በጥቂት ግራሶ ግንዱ ላይ ለጥፈን ማጥበቂያውን ቀስ ብለን ለቀቅን፣ ከዚያ ጨርቅ ጣል አድርገን የግንዱን ጫፍ በፕላስቲክ መዶሻ ሁለት ሦስት ጊዜ ነካ ነካ አደረግን። በትክክል ያልተቀመጠ መቆለፊያ ካለ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ቢፈነጠር ይሻላል። በመጨረሻ ቴስታታውን አጋድመን በጭስና በአየር ቀዳዳዎቹ ላምባ ሞላንባቸው፤ ሻይ ጠጥተን እስክንመለስ ከቫልቮቹ ሥር አንድም ጠብታ አልወጣም።

ቴስታታው በአዲስ ጓርኒሲዮን ተገጠመ፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ የአየር ቫልቮቹ 0.25፣ የጭሶቹ 0.50 ሚሊ ሜትር ተደረጉ። ባለቤቱ በመጀመሪያው ሳምንት ከባድ ጭነት እንዳይጭኑበት ለመንኳቸው፤ ወደ መራዊና ወደ ዳንግላ ቀለል ያለ ዕቃ ይዞ ተመላለሰ። ከዚያ ክዳኑን ከፍቼ ክፍተቱን እንደገና አስተካከልኩ፤ አዲስ የተቆረጠ መቀመጫ ሥራ ሲጀምር ስለሚረጋ ይህን ማለፍ አይገባም። በሚቀጥለው ሳምንት በቆሎ ጭኖ ወደ አዲስ አበባ ወረደ። ሹፌሩ ደጀን ሲደርስ እንዲደውልልኝ ነግሬው ነበር፤ የደወለው ግን በረሃውን ተሻግሮ ጎሐ ጽዮን ከወጣ በኋላ ነው። «መስኮቱን ከፍቼ ነው የወረድኩት፣ ያ ነገር የለም፤ የሚሰማኝ ጭሱ ብቻ ነው» አለኝ።

የሹፌር ጆሮ ጥሩ ምስክር ነው፣ እኔ ግን ይበልጥ የማምነው ፊለር ጌጁን ነው። መኪናው ያንን መንገድ ሦስት ጊዜ ደርሶ መልስ ከሄደ በኋላ፣ አንድ እሑድ ጠዋት ሞተሩ ሌሊቱን አድሮ ቀዝቅዞ ሳለ ክዳኑን አወረድኩ። ከዚህ በፊት በሁለት ጉዞ ብቻ 0.38 ድረስ ይጠብብ የነበረው የጭስ ክፍተት በአምስቱ ቫልቮች ላይ እንደተውኩት 0.50 ነው፤ ምላሱ ሲገባም ሲወጣም በዚያው መጠን ይይዛል። አራተኛው ላይ ግን 0.50ው አልገባም፣ 0.47 ነው የገባው። መቀመጫው ከሁሉ በላይ የተቆረጠበት እርሱ ስለሆነ ገና እየረጋ ሊሆን ይችላል፤ ወደ 0.50 መልሼ ቀኑንና ቁጥሩን በክዳኑ ውስጠኛ በኩል በቀለም ጻፍኩ፣ ከሁለት ጉዞ በኋላ ያንን አንድ ቫልቭ ብቻ እንደገና እለካዋለሁ።